ዕጣ ያልወጣለት ጦስኝ

ድሬዳዋ እኛ ሠፈር መካነ ሰላምን ያየ ሰው የለም። «የት ከርመሽ መጣሽ?» ሲሉኝ «ወሎ» እላለሁ። «ወሎ የት?» ሲሉኝ «ቦረና» እላለሁ። ያን ጊዜ ከኬንያ ጠረፍ ግመል እየነዳሁ የተመለስኩ ይመስላቸውና ወተት አላመጣሽልንም ብለው ይቀየሙኛል። በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ፣ ቦረና የሚባል ወረዳ እንዳለና መካነ ሰላም ከተማው እንደሆነ ለአሥራ ሦስት ሰው ለየብቻ ካስረዳሁ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። መጀመሪያም ብዙ አልነበረኝም። ስለዚህ የስድስቱን ቀን ጉዞ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

የሄድኩት ለጦስኝ ነው። አዎ፣ ሻይ ውስጥ ለሚገባው፣ ሳል ሲይዘን ለምንጠጣው ጦስኝ። ዚንክ የሚባለው ማዕድን እጅግ ሲልም ናኖ ቅንጣት ይሆናል። አንዷን ፍሬ በዓይን ማየት አይቻልም፣ ክምሩ ግን ተራ ነጭ ዱቄት ነው። ከዚህ ዱቄት በጣም ጥቂቱ በውኃ ተበጥብጦ ቅጠል ላይ ቢረጭ የመድኃኒት ተክሎችን ያፋፋል ወይስ አያፋፋም? የዶክትሬት ጥናቴ ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ሙከራዬን ፍየሎች በሉት። ሁለተኛውን የግቢያችን ጥበቃ እየቀነጠበ በሻይ ጨረሰው፤ ስደርስበት «በጣም ይጣፍጣል፣ ምን አድርገሽበት ነው?» አለኝ። ሦስተኛውን ማንም አይደርስበትም ብዬ መካነ ሰላም ወሰድኩት። የትምህርት ክፍሉም ቁርጡን ነግሮኛል፦ በዚህ ኅዳር ውጤት ይዤ ካልመጣሁ፣ ዘንድሮ ጥናታቸውን ከሚያቀርቡት ዝርዝር ስሜ ይወጣል።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ስሳፈር የላብራቶሪ ሚዛኔን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌው ነበር። ቁንጥር ጦስኝ ሳይቀር የሚመዝን ስለሆነ ጭነት ላይ አይጣልም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና እንዳዩኝ ተጠጉልኝና «ልጁ ተኝቷል፣ መስኮቱን ዝጉ» ብለው አውቶቡሱን በሙሉ አዘዙ። መስኮቱ ተዘጋ። ሬዲዮውም ተቀነሰ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ግን ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ በሙቀት ሲታፈን «ሚዛን ነው» ማለት ከበደኝ። እንደ እናት ቀስ ቀስ እያወዛወዝኩት ብዙ ከተማ አለፍን።

ፍተሻ ጣቢያ ላይ ወረድን። ፈታሹ ጋቢውን ገለጠ፣ እናትየው ደግሞ መስታወት የተከደነበት የብረት ሣጥን ሲያዩ «በስመ አብ!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይህ የወርቅ ሚዛን ነው» አለ ፈታሹ።

«የጦስኝ ሚዛን ነው።»

«ጦስኝ በእፍኝ ነው የሚሸጠው፤ ማን በሚዛን ይገዛል?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቀለበቱን አወለቀና «እስቲ ይህን መዝኚ» አለኝ። ሚዛኑን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩና በባትሪ አበራሁት። ንፋስ ስለነበር ቁጥሩ አልረጋ አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ክብ ሠርቶ ንፋሱን ጋረደልን፣ አንዱማ ትንፋሻችሁንም ያዙ አለ። ቁጥሩ ሲረጋ ፈታሹ ረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየውና «ቀንሷል» አለ። «ሰው ሲያገባ ይቀንሳል» አለው ከኋላ ሹፌሩ። ፈታሹ ሳይስቅ ቀለበቱን አጠለቀና እለፉ አለን። እናትየው እስከ ደሴ ድረስ አላናገሩኝም።

ደሴ አልጋ የያዝኩበት ቤት ሦስት ብርድ ልብስ ሰጠኝ። እኛ ድሬ በዚህ ወር በር ከፍተን፣ አንዳንዶቻችንም ግቢ አልጋ አውጥተን እንተኛለን። አራተኛ ብርድ ልብስ ስጠይቅ የቤቱ ባለቤት «አብሽሪ፣ ይህ ብርድ አይደለም፤ ብርዱ ነገ መንገድሽ ላይ፣ ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ነው» አለችኝ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። ወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፣ እኔ ደግሞ አይዞሽ ሲሉኝ የምፈራ ሰው ነኝ።

ረቡዕ

ብርዱ እውነትም ጉጉፍቱ ላይ ነበር። ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ ነፋሱ በተዘጋ መስኮት የሚገባበትን መንገድ ያውቃል። ከደሴ በወጣን በሦስተኛው ሰዓት ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ወረደ፣ አየ፣ «አብሽሩ» አለ። መለዋወጫው ጎማም ተንፍሶ ተገኘ። «አብሽሩ» አለ። ድሬ ቢሆን እስካሁን ሦስት ሰው ተሰዳድቦ፣ ሁለቱ ታርቀው፣ አንዱ ጎማውን ተሸክሞ ሄዶ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ግን የመንገዱ ዳር ላይ ተቀምጠው ሹፌሩን የጎማውን ታሪክ ጠየቁት፤ መቼ እንደተገዛ፣ ከዚህ በፊት የት የት እንደፈነዳ። ሌላ ሚኒባስ መጥቶ ጎማ አዋሰንና አቀስታ ከተማ ገብተን ሽሮ በላን። ሽሮው ግሩም ነበር፤ ቁጣዬን ግን አላበረደውም።

ቀሪውን መንገድ «እርስዎ» ማለትን ስለማመድ ነው የሄድኩት። እኛ ድሬዎች ሁሉንም ሰው «አንተ» እንላለን፤ ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ዳኛውም አንተ ነው። ሐምሌ ላይ መጀመሪያ መካነ ሰላም የሄድኩ ቀን አስተናጋጄን መሪጌታ ኅሩይን «አንተ፣ ስማኝማ» ብያቸው ነበር። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን መምህር፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። ዘወር ብለው ከኋላቸው የቆመ ልጅ ካለ ፈለጉ። ማንም የለም። ከዚያ በትሕትና «እርስዎ ይናገሩ፣ እሰማለሁ» አሉኝ። ሊያስተምሩኝ ነው። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም፣ ለዶክተርነቴ የተሰጠ ክብር መሰለኝ። ዶክተር ደግሞ አይደለሁም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዶክተር ነው የሚሉኝ፣ ስንት ጊዜ ገና ነኝ ብል «ኢንሻአላህ ነሽ» ይሉኛል።

የሐምሌውን ነገር እዚህ ላይ ካላስረዳሁ የኋላው አይገባችሁም። መሪጌታ የቅሬያቸው ዳኛ ናቸው። ቅሬ እኛ እድር የምንለው ነው፤ እስላምና ክርስቲያን አንድ ላይ ሆነው የሚቀባበሩበት፣ የሚረዳዱበት። ቅሬው ከመሪጌታ ቤት ጀርባ ካለው መሬት ላይ አሥራ ሁለት መደብ ጦስኝ እንዲተከል ፈቀደልኝ፣ ለእያንዳንዱ መደብም አንድ አንድ ሰው ተንከባካቢ ሆነ። ስድስቱ መደብ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ይረጭበታል፣ ስድስቱ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያገኛል፣ መጨረሻ ላይ እናወዳድራለን። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን አድልዎ እንዳይኖር በዘፈቀደ መመረጥ አለበት።

«ስልኬ ይመርጣል» አልኳቸው።

«ስልክሽ እዚህ ሰው ያውቃል?» አሉ መሪጌታ።

«ማንንም አያውቅም፣ ጥቅሙም እሱ ነው።»

«ማንንም የማያውቅ እንዴት ይፈርዳል?»

ዕጣ ይሁን ተባለ። በደንብ ያውቁበታል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ የሙስባሃ መቁጠሪያ ፍሬ፣ ሌላው የክብሪት እንጨት በቆብ ውስጥ ጨመረና፣ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ጨው ነጋዴ ተጠርቶ ስድስት አወጣ። ሰውዬው ሲጨርስ «ለእኔስ ምን ደረሰኝ?» ብሎ ትንሽ ተጉረመረመ። እኔ ግን በደስታ ሞትኩ፤ ከዚህ የጠራ ዘፈቀደ በዩኒቨርሲቲያችንም የለም። ዕጣው ለወጣላቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚረጭ፣ የተመዘነ፣ የታሸገ ከረጢት አደልኩ። የተረፈውን ዱቄት በማር ብልቃጥ ሞልቼ፣ «መጠባበቂያ» ብዬ ጽፌበት፣ መሪጌታ ዘንድ አኖርኩ። «ዕጣ ያልወጣለት ምንም አያገኝም፤ ገብቷችኋል?» አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ራስ መነቅነቅ አምኜ ነው አራት ወር የተኛሁት።

መካነ ሰላም ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። መሪጌታና ባለቤታቸው እቴ ዘነቡ መነኸሪያው ድረስ መጥተው ነበር። «እንዴት ዋሉ፣ መሪጌታ? እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኳቸው፤ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት። መሪጌታ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ምነው? ተቀየምሽን?» አሉኝ። አንተ ማለቴን ለምደውት ኖሯል።

ሐሙስ

ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ነበር። እቴ ዘነቡ የሳቸውን ካፖርት አልብሰውኝ፣ በላዩ ጋቢ ደርበውልኝ፣ እጄን ከፍ ማድረግ እስኪያቅተኝ ድረስ ጠቅልለውኝ ወደ መደቦቹ ሄድን።

ማመን አቃተኝ። ዱቄት የተረጨባቸው ስድስቱ ጥቅጥቅ ብለው አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነዋል፣ እግሬ ሲነካቸው ሽታቸው ይነሳል። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ቢጫ ሆነዋል፣ ጠውልገዋል፣ ጠርዛቸው ተቃጥሏል። ልዩነቱ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ሚዛን አያስፈልግም፣ ዓይንም ብዙ አያስፈልግም። በካፖርቱ ውስጥ ዘለልኩ። ያ ሁሉ የፍየል፣ የጥበቃ፣ የጎማ መከራ ተካሰልኝ ብዬ እቴ ዘነቡን አቀፍኳቸው።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። አማካሪዬ በስልክ ከአንድ ጥያቄ በላይ አይጠይቅም።

«ልዩነት አለ?»

«አለ! በጣም አለ!»

«እሰይ» ብሎ ዘጋው። ከአማካሪዬ አፍ እሰይ ሲወጣ በአምስት ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ያን ቀን የቀረውን ሰዓት ታማሚ ስሸኝ ዋልኩ። ዶክተር መጣች ተብሎ ወገቡን የሚያመው፣ ጥርሱን የሚያመው ሁሉ መሪጌታ በር ላይ ተሰልፏል። የቅጠል ተመራማሪ ነኝ ስላቸው «እና የመሪጌታም መድኃኒት ቅጠል ነው» አሉኝ። ለሁሉም ውኃ ጠጡ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ አልኩ። አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ በውኃው እንደተሻለው ነገረኝ።

ዓርብ

አጨዳ ጀመርን። እንደተስማማነው የየመደቡ ተንከባካቢ የራሱን መደብ ያጭዳል፣ እኔ እመዝናለሁ። ዕጣ የወጣላቸው ስድስቱ እየሳቁ መጡ። ያልወጣላቸው ስድስቱ ደግሞ እንደ ለቀስተኛ በአንድ ጥግ ተቀመጡ። አሳዘኑኝ፣ ግን በልቤ ደስ ብሎኛል፤ እነሱ ባዘኑ ቁጥር የእኔ ልዩነት ይሰፋል።

ሰባተኛው መደብ የአያ ይመር ነው። አያ ይመር ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ እስላም ሽማግሌ ናቸው። መደባቸው ከሁሉ የባሰ የደረቀው ነው። ያጨዱትን እፍኝ የማትሞላ ጦስኝ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ዶክተር፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን አጠፉ?»

«መደቤ አሳፈረሽ። ወላሂ፣ ከውኃው አንድ ቀን አላጓደልሁም። ሰዉም አልረሳኝም፣ ምራቂው በጊዜ በጊዜው ደርሶኛል። ምን ላድርግ፣ እሷ አልሆነላትም።»

እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «የምን ምራቂ?»

አያ ይመር እኔ ያላወቅሁት ነገር መኖሩ ገረማቸው። ቀስ ብለው አስረዱኝ። የቅሬው ሰዎች የጋራ የሣር ሜዳ አላቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን በዕጣ ይካፈላሉ። መልካሙ ሣር ለወጣለት ወጣለት፣ ድንጋያማው የደረሰው ሰው ግን አይተውም፤ ዕጣ የቀናቸው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሸክም ሣር ምራቂ ይጨምሩለታል። የሚጨምሩትም በግልጽ አይደለም። ሰውዬው እንዳያፍር ማለዳ፣ ሳይታዩ፣ በየግላቸው አጥሩ ሥር አኑረው ይሄዳሉ። ማን እንዳኖረ አይጠየቅም፤ የሰጠውም አይናገርም።

«እኔም አንዳንድ ጠዋት ስመጣ» አሉ፣ «ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር አያለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሞቼ አስበውኛል እላለሁ።»

ካፖርቱን ጥዬ ወደ መሪጌታ ቤት ሮጥኩ። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ነው፤ «መጠባበቂያ» የሚለው ጽሑፌም አለ። ውስጡ ግን ማር ነው።

«ዱቄቱ ሲያልቅ አጠብሁት» አሉ እቴ ዘነቡ። «የሰው ብልቃጥ ባዶውን አይመለስም ብዬ ማር ሞላሁበት።»

«ማን ጨረሰው?»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «ስድስቱ ባለዕጣዎች በየተራ ይመጡ ነበር። ለማንም እንዳይናገሩብኝ እያሉ።»

«ታዲያ እርስዎ ዝም አሉ?»

«ቃል ሰጠሁ።»

«ለእኔስ?»

«ለማንም ያሉት አንቺንም ይጨምራል፣ ልጄ። ደግሞ መጠባበቂያ ብለሽ ጻፍሽበት። መጠባበቂያ ለጎደለበት ካልሆነ ለማን ነው?»

እንግዲህ አስቡት። ዱቄቱ በጥቂቱ ይጠቅማል፣ ሲበዛ ያቃጥላል። ስድስት ቸር ሰዎች፣ አንዱ የአንዱን ሳያውቅ፣ ያለ ሚዛን፣ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ እየሰፈሩ፣ ዕጣ ያልወጣላቸውን ስድስት መደቦች አራት ወር ሙሉ ሲያጽናኑ ከርመዋል። ምንም ያላገኘ የተባለው ከሁሉ አብልጦ አገኘ። ያየሁት ልዩነት የዱቄቱ ጥቅም አልነበረም። የተቃጠሉት በርኅራኄ ነው።

ጮህኩ። ድሬኛ ጮህኩ። እቴ ዘነቡ ማር በዳቦ አቀረቡልኝ፤ እያለቀስኩ በላሁ፣ ማሩ በጣም ጥሩ ነበር፣ እሱም አናደደኝ።

ቅዳሜ

መሪጌታ ቅሬውን ሰበሰቡ። አሥራ ሁለቱም በአጥሩ ሥር ተቀመጡ። መሪጌታ መጀመሪያ ስድስቱን ባለዕጣዎች አንድ በአንድ አስነሥተው «ከሰጠሁህ ቃል ትፈታኛለህ?» ብለው ጠየቁ። አንድ በአንድ «ፈትቻለሁ» አሉ። ከዚያ ሁሉም ተናዘዘ።

«እኔ ለስድስቱም አንድ አንድ ቆርኪ ነው ያደረግሁ» አለ የመጀመሪያው። «አንድ ቆርኪ ማንን ይጎዳል ብዬ።»

«እኔም አንድ ቆርኪ» አለ ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን በመገረም እያየ።

ሦስተኛው «እኔ ሁለት ነው፣ ቆርኪዬ ስለተጣመመች» አለ። አራተኛው በሽቶ ክዳን ነበር የሚሰፍረው። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዕጣ ያልወጣላቸው ስድስቱ ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የሚያለቅሱት ለመደቡ አልነበረም፤ ይህን ያህል መወደዳቸውን ስላወቁ ነው። አንዱ ተነሥቶ አንዱን ሳመው። ከዚያ ሁሉም ተሳሳሙ። ከመካከላቸው እኔ ብቻ ተቀምጬ ቆርኪ በወረቀት እደምራለሁ።

መሳሳሙ ሲያበቃ እኔን አዩኝ። ምን እንደሚያስቀርብኝ ነገርኳቸው፤ ስሜ ከዝርዝር እንደሚወጣ፣ ይህ ሦስተኛው ሙከራ እንደሆነ፣ አምስት ዓመት እንደፈጀሁበት። አንዱ ባለዕጣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቢጫ ለመሆኑ ቢጫ ነው። አረንጓዴውም አረንጓዴ ነው። ምራቂውን እኛ ካልተናገርን ማን ያውቃል?»

«ማንም» አለ ሌላው። «ዝም እንልልሻለን። በዚህስ ማን ያህለናል።»

መሪጌታ ወደ መሬት አዩ። አያ ይመር «እኔ ዋሽ ካላችሁኝ አልዋሽም፤ ዝም ግን እላለሁ። አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ። አሥራ ሁለት ሰው ለእኔ ሲል ሊዋሽ ወይም ዝም ሊል ተሰልፏል። ይህም ምራቂ ነው፤ አሁን ዕጣ ያልወጣላት እኔ ነኝ።

አልዋሽም፣ ፈልጌ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሁለቱ ወገን ክብደት ተጽፏል፣ የሚያምር ቁጥር ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ግን ከዚያ የሚሆነው ታየኝ። ጥናቴ ይታተማል። ከሱ ተቀንጭቦ ለገበሬ የሚበተን ወረቀት ይወጣል፦ ይህ ዱቄት ጦስኝ ያፋፋል ይላል። ወረቀቱ የሚደርሰው ደግሞ እንደዚህ ላሉ ሰዎች ነው። ጎረቤቱ የጠወለገበት ሁሉ ማለዳ ተነሥቶ፣ ሳይታይ፣ ቆርኪውን ይዞ ይሄዳል። ዱቄቱን ከክፉ ሰው ይልቅ የሚያዝን ሰው ያበዛዋል፣ ይህንን ደግሞ በዓለም ላይ እስካሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «እንዳለ እጽፈዋለሁ። ቆርኪውንም፣ የሽቶ ክዳኑንም።»

«ስማችንም ይጻፋል?» አሉ አንዱ፣ ትንሽ ደስ እያላቸው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸኙኝ። ስንቄን ማን እንደሚሰጠኝ ዕጣ ወጣ። ለአንድ ሰው ወጣ፣ እሱም ዳቦ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት ሌሎች ስድስት ዳቦዎች አገኘሁ፤ ማን እንዳስገባቸው አላየሁም። ሚዛኔን ከዳቦው ጋር ታቅፌ አቀስታ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ ለአማካሪዬ ደወልኩ።

«ልዩነቱ አለ?»

«አለ። ተገልብጦ ነው እንጂ።» ነገርኩት። እንደ ልማዱ ስልኩን አልዘጋውም።

«አብሽር» አልኩት።

በጎማ በኩል ምንም አልደረሰብንም። ጉጉፍቱ ላይ አራት ዳቦ ለተሳፋሪው አካፈልኩ፣ ሹፌሩም ድንጋያማ መንገድ የደረሰው ሰው ነው ብዬ ትልቁን ለሱ ሰጠሁ።

ትምህርት ክፍሉ ያለኝ አጭር ነው። እውነቱን ስለጻፍሽ እናመሰግናለን፣ ይህ ግን ውጤት አይባልም፣ ሌላ ክረምት ድገሚው። ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ሰሌዳው ላይ የተሰረዘበት መስመር ቀጥ ያለ ነበር፣ በማስመሪያ ነው የሰረዙት። ለመሪጌታ በስልክ ነገርኳቸው። «እህ» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በደሴ አውቶቡስ የተላከ እቃ መጣልኝ። ፌስታል ውስጥ አሥራ ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ቋጠሮዎች፣ የየመደቡ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ እያንዳንዱ ውስጥ ደረቅ ጦስኝ። ከልማዴ ሚዛኑን አበራሁና አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ይህን ያህል እኩል የሆነ ነገር በአምስት ዓመት ጥናቴ አንድ ቀን መዝኜ አላውቅም። ከሥራቸው ደብዳቤ ነበር፣ በመሪጌታ እጅ፣ ስሜ በቀይ ቀለም ተጽፎ፦

«ለልጃችን ለዶክተር። ዕጣው እንዳልወጣልሽ ሰማን፣ በጣም አዘንን። ይህ ምራቂ ነው። ዱሮ ቢሆን እያንዳንዳችን በየግላችን፣ ሳንተያይ እንልክልሽ ነበር። አሁን ግን ሲበዛ እንደሚያደርቅ ካንቺ ስለተማርን፣ ተሰብስበን ተማክረን ከየቤቱ አንድ አንድ ቁንጥር ብቻ አድርገናል። አያ ይመር ሁለት ካላደረግሁ ብለው ነበር። ከልክለናቸዋል።»

ደብዳቤውን አጥፌ ሚዛኑ ሥር አኖርኩት። ከዚያ ውኃ አፈላሁና የሰባተኛውን መደብ፣ የአያ ይመርን ቋጠሮ ፈትቼ፣ ከውስጡ ጥቂት ቅጠል ብቻ ቆንጥሬ ጨመርኩ።